ባዶ የነበሩት ጀሪካኖች

ሬሳው በጭነት መኪናው አፍንጫ ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ፊቱ ቀይ፣ ሸሚዙ ቀይ፣ የተኛበት ሲሚንቶ ቀይ። ደም ግን አልነበረም። ደሙ ከማጅራቱ ሥር ጠቁራ የረጋች፣ በአንድ ሲኒ የምትሰፈር ኩሬ ብቻ ነበረች። የቀረው ሁሉ ኩላንት ነው፤ ሞተር እንዳይፈላ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው፣ ሲነኩት የሚያሟልጨው፣ ሲቆይ እንደ ሽሮፕ የሚጣበቀው ፈሳሽ።

ሟቹን ሰፈሩ «ጋሼ ምላጭ» ይለው ነበር። ጢሙን ስለሚላጭ ሳይሆን ስለ ምላሱ ነው። መኪናውም፣ ግቢውም፣ በግቢው ያለችው ጋራዥም የእሱ ነበሩ። በስልሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው አንድም ሰው በሰው ፊት አመስግኖ አያውቅም።

ኢንስፔክተሯ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ አምሳ አለቃውና አንድ ፖሊስ የሟቹን ታናሽ ወንድም ከአንድ ሰው ደረት ላይ ለማንሳት ይታገሉ ነበር። ሥር የወደቀው ሰው የጋራዡ መካኒክ ነው። የግራ እጁን ትንሽ ጣት ድሮ የሞተር ቀበቶ ስለበላበት «ባለ ዘጠኙ» ይሉታል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነበር፤ እጁን ግን አንድ ጊዜም ለመከላከል አላነሳም።

«ወንድሜን ቀቀለው!» ይላል ታናሽየው። «እንደ ድንች ቀቀለው!»

ከቤቱ ደረጃ ላይ የሟቹ ልጅ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሆናት ሴት፣ ነጠላ ጫማዋን በአንድ እግሯ ብቻ አድርጋ ቆማለች። «ነፍሰ ገዳይ!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ ከአጥሩ አልፎ መንገደኛ አቆመ። ከዚያ ወርዳ በባለ ዘጠኙ ፊት ላይ ተፋች።

«እኔ ነኝ» አለ እሱ፣ ሳይጠርገው። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

አምሳ አለቃው እፎይ አለ። «አለቃ፣ ሰውየው አምኗል። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ መኪና አለ፤ አሳፍረነው እንገላገል። ምን ቀረን?»

«ሬሳውን ማየት» አለችው።

ኢንስፔክተሯ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ከሰው ፊት ቀድማ የሰው እጅ የምታይ ሴት ናት። እናቷ በየሰው ቤት ልብስ በማጠብ ነው ያሳደጓት። ስለ ሞተር ከጩኸቱ በቀር የምታውቀው የለም፤ ፈሳሽ በጨርቅና በቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም ሊያስተምራት አይችልም። ተንበረከከችና የሟቹን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። ቆዳው ገርጥቶ ተልጧል። በጣቷ ጫፍ ጉንጩን ዳሰሰች፤ ግንባሩን ዳሰሰች፤ የምትፈልገውን አላገኘችም። ከዚያ ተነሥታ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። ቆይታ አነሳችው።

ከመኪናው ጎን አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ሁለት ጀሪካኖች ተጋድመዋል። አንዱን በጫማዋ ጫፍ ገፋ አደረገችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ጋራዧ ውስጥ ገባች። ግድግዳው፣ መፍቻው፣ የቀን መቁጠሪያው ሳይቀር ቅባት ለብሷል። በቡታጋዙ ላይ የተቀመጠችው ማንቆርቆሪያ ብቻ ከውስጥም ከውጭም ታጥባ እንደ ሙሽራ ታበራለች።

«ሻይ የሚያፈላው ማነው?» አለች።

«ሁላችንም» አለ ባለ ዘጠኙ።

«የሚያጥባትስ?»

ሰውየው ጥያቄው አልገባውም። «ማንቆርቆሪያ ይታጠባል እንዴ?»

በጋራዡ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችውና ውሃ አስመጣችለት። «በል ንገረኝ። እንዴት ገደልካቸው?»

«ቀላቀልኩት።»

«ምኑን ከምኑ?»

«አረንጓዴውን ከቀዩ።» ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «ይህ መኪና አሮጌ ናፍጣ ነው። ሃያ ዓመት የጠጣው አረንጓዴ ኩላንት ከገበያ ጠፋ። ምን እንጨምርለት ብለን ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ባለ ሱቁ ‹ቀዩን፣ አምስት ዓመት ይሄዳል› አለ። ሾፌሩ፣ ታናሽ ወንድምየው ማለቴ ነው፣ ‹ውሃ ይበቃል፣ ድሮ ማን ኩላንት ያውቃል› አለ። እኔ ቢጫውን አልኩ።»

«ለምን ቢጫውን?»

«ለከባድ ናፍጣ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ነዋ! ሞተሩ ሲሠራ ፒስተኑ የሚመላለስበት ብረት ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ውሃው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ደግሞ ብረቱን እንደ ነቀዝ ይበሳዋል። ያንን የሚከላከል መድኃኒት ያለው ቢጫው ነው። ቀለሙን አይቼ አይደለም፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቤ ነው። ቀለም ምንም አይናገርም። አንዱ ቀይ ሽሮፕ ነው፣ አንዱ ቀይ መርዝ ነው።» ለአፍታ መካኒክነቱ ተመልሶለት ነበር፤ ወዲያው ጠፋ። «ጋሼ ቀዩን ገዙ። እሺ አልኩ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አረንጓዴውን አፈሰስኩ። ግን ሁሉም አይወጣም፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ‹ጋሼ፣ ቀዩን አሁን አንጨምር። በንጹሕ ውሃ እንሙላውና አንድ ቀን በውሃ ይዋል፤ ከቀላቀልነው እንደ ሙጫ ይረጋል› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹ዘጠኝ ጣት ይዘህ የጎደለችህን ከእኔ ቀን ላይ ቆርጠህ ልትሞላ ነው?› አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«አንተስ?»

«እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀዩን ሁለት ጀሪካን ሙሉ ገለበጥኩበት። ባዶዎቹን ጥግ ላይ ወርውሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊት ረግቶ መተላለፊያውን ደፈነው። ጠዋት ሲያስነሱት ፈላ፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ሥራዬን የማውቅ ሰው ብሆን እምቢ ብዬ ቁልፉን መሬት ላይ ጥዬ እሄድ ነበር።»

«ጋሼ ምላጭ የፈላ ራዲያተር በባዶ እጃቸው የሚከፍቱ ሰው ነበሩ?»

ባለ ዘጠኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አልነበሩም» አለ ቀስ ብሎ። «ተናደው ይሆናል።»

ባለ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ መለዋወጫ ይሸጣል። ሳይጠየቅ የሚያወራ ሰው ነው።

«እመቤቴ፣ እኔ ዕቃ ሸጥኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም! ቀይ ኩላንት ለስንት መኪና ሸጫለሁ። የትናንቱን ጉድ ግን ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ሾፌሩ ባልዲ ይዞ መጥቶ ‹የምነዳው እኔ ነኝ፣ ውሃ ይበቃዋል› አለ። ጋሼ ምላጭ፣ ነፍስ ይማር፣ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹ሃያ ሁለት ዓመት ነድተኸው ሆዱ ውስጥ ያለውን አታውቅም። ከሰኞ ጀምሮ መሪውን ልጄ ትይዛለች። አንተ ኋላ ተጭነህ ድንጋይ ትቆጥራለህ።› እዚሁ መንገድ ላይ! የጎረቤት ሚስቶች እየሰሙ!»

«ሾፌሩ ምን መለሰ?»

«ምን ይመልሳል? ባልዲውን አስቀምጦ ቆሞ ቀዩ ሲጨመር አየ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ። ከዚያ ሄደ።»

ልጅቱን ማድ ቤት ውስጥ ያልተለኮሰ ምድጃ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኖቿ ደርቀዋል።

«አባትሽን ትወጃቸው ነበር?»

«ማን ይወደዋል?» አለች። «ትምህርት ቤት አንደኛ ስወጣ ‹ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ደደቦች ቢሆኑ ነው› ያለኝ ሰው ነው። ግን አባቴ ነው።»

«ሰው አይሰማም ነበር ማለት ነው።»

«በሰው ፊት አይሰማም።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «ሐኪም ጨው ተው ሲለው ሐኪሙን አዋርዶት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው አልቀመሰም። እንግዳ ሲመጣ ጨው መነስነሻውን ይዞ ምግቡ ላይ ያራግፍ ነበር። ባዶ ነበር። እኔ ነኝ የማጥበው፣ አውቃለሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። የሚቆጨኝ እሱ ነው። መኝታ ቤቴ ከመኪናው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ያ ሞተር ሲነሳ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ዛሬ ግን አጎቴ እስኪጮህ ድረስ አልነቃሁም። አባቴ በሚሞትበት ቀን እግዜር እንቅልፍ ሰጠኝ።»

በመጨረሻ ያነጋገረችው ታናሽ ወንድምየውን ነበር። በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ቀኝ እጁ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች፣ የእንቁላል አስኳል የሚያህል እብጠት ውሃ ቋጥሮ ያብለጨልጫል።

«የደረሰብዎትን ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለችው በትሕትና።

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሩን ከፍቼ ስገባ ሞተሩ ያገሳል። እንፋሎቱ ጣራ ደርሷል። ወንድሜ ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። ‹ተው አትንካው!› ብዬ ጮህኩ። ፈነዳ! ቀዩ እሳት ፊቱ ላይ ወጣበት። ወደ ኋላ ሲወድቅ ማጅራቱን ሲሚንቶው መታው።»

«እጅዎስ?»

«ሳነሳው ነዋ። የሚፈላው ውስጥ እጄን ከትቼ።» አለቀሰ። ልቅሶው የውነት ነበር። «ያን ዘጠኝ ጣት ዛሬ ካልሰቀላችሁት ነገ በእጄ እገድለዋለሁ።»

«የኛ ፍርድ ቤት በዚህ አይጨክንም፤ አሥራ አምስት ዓመት ግን አይቀርለትም» አለችና ተነሣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መኪናው ፊት ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ቀዩ ሲሚንቶ ላይ የሰው ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። ባለ ሱቁ፣ ልጅቱ፣ ታናሽ ወንድምየው፣ በካቴና የታሰረው ባለ ዘጠኙ። አምሳ አለቃው ሰዓቱን ያያል። ከአጥሩ በላይ የጎረቤት ራሶች ተደርድረዋል።

«ባለ ዘጠኝ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ትናንት ባዶዎቹን ጀሪካኖች የት ጣልካቸው?»

«እዚያ ጥግ።»

«አምሳ አለቃ፣ አንዱን አንሣልኝ።»

አምሳ አለቃው በአንድ እጁ ሊያነሣ ሞከረና ወገቡን ያዘ። ክዳኑን ፈታ። «ሙሉ ነው፣ አለቃ። ቀይ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ይሄኛው ትንሽ ጎደል ይላል።»

«በአንድ ማንቆርቆሪያ ያህል?»

አምሳ አለቃው ወደ ውስጥ አጮለቀ። «እንደዚያ ይሆናል።»

«ባዶ ጀሪካን በሌሊት አይወልድም» አለች። «አንድ ሰው ቀዩን ከመኪናው ሆድ መልሶ ቀድቶታል። ማን? ጨው መነስነሻቸውን ባዶውን ሲያራግፉ የኖሩት ሰው ናቸው። ትናንት በሰው ፊት ‹የጎደለችህን ጣት ልትሞላ ነው› ብለው የሳቁበትን ምክር ዛሬ ጎሕ ሲቀድ፣ ማንም ሳያይ፣ በገዛ እጃቸው ይፈጽሙ ነበር። ቀዩን አፍስሰው ሞተሩን በንጹሕ ውሃ እየሞሉ ነበር። ባልዲው ለዚያ ነው የቆመው።»

የባለ ዘጠኙ አፍ ተከፈተ።

«ውሸት ነው!» አለ ታናሽ ወንድምየው። «ቀዩ ሲፈነዳ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እናያለን። የባለ ዘጠኙን አንድ እጅ ፍቱለት፤ ማፍሰሻውን ይክፈት።»

ባለ ዘጠኙ ከኪሱ መፍቻ አወጣ፤ ከሞተሩ ጎን ተንበርክኮ የማፍሰሻውን ቡሎን ሦስት ጊዜ አዞረው። አንዳች ነገር ጉርር አለ። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

የወረደው ውሃ ነበር። ጣቱ የተቆረጠ ሰው እጁን የታጠበበት ያህል ብቻ ቀላ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ ውሃ። የረጋ ነገር፣ ሙጫ የሚመስል ነገር፣ አንዲት ፍንካች አልነበረበትም። ሲሚንቶው ላይ ሮጦ የታናሽ ወንድምየው ጫማ ሥር ደረሰ። እሱም እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አለ።

«ሆዱ ውስጥ ውሃ ብቻ ያለ መኪና ቀይ አይተፋም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ደግሞም አልተነሣም። ሁለት ሰዓት ላይ መዳፌን ሳሳርፍበት እንደ መቃብር ድንጋይ ነበር፤ የፈላ የናፍጣ ሞተር በሰዓት ተኩል እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የሚቀሰቅሳት ሞተር ዛሬ ያልቀሰቀሳት እንቅልፍ ጥሏት አይደለም። ዝም ብሎ ስለነበረ ነው።»

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ታዲያ ፊቱን ምን አቃጠለው?» አለ ባለ ሱቁ፣ ሳያስበው።

«ማንቆርቆሪያ። ማንም አጥቦት በማያውቅበት ጋራዥ ውስጥ ዛሬ ጠዋት ታጥቦ ያገኘሁት ብቸኛ ዕቃ ነው። ገዳዩ ሰውየውን ከኋላ መታቸው። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቆሞ ያየውን ቀዩን። አጠገቡ ያገኘው ሙሉ ጀሪካን ትርፍ የተገዛ መስሎት ከዚያ ቀድቶ በቡታጋዙ አፈላና ፊታቸው ላይ ደፋው። ባልዲውን መስታወት ማጠቢያ አድርጎ አለፈው።» ወደ ታናሽ ወንድምየው ዞረች። እስካሁን «እርስዎ» ትለው ነበር፤ አሁን ተወችው። «እጅህን አሳያቸው።»

አላሳየም። አምሳ አለቃው አንጓውን ይዞ አነሳው።

«እኔ የልብስ አጣቢ ልጅ ነኝ። እናቴ የፈላ ውሃ ሲነካት ቆዳዋ ወዲያው ውሃ ይቋጥር ነበር። የወንድምህን ፊት ዳሰስኩት፤ ተልጧል፣ ተቀቅሏል፣ ውሃ ግን አልቋጠረም። ውሃ የሚቋጥረው ደም የሚዞርበት ቆዳ ነው። አንድ ፈሳሽ፣ ሁለት ቆዳ። ያንተ ሕያው ነበር፤ የሱ ሞቶ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ኩላንቱ ሲፈላ እጅህ ከማንቆርቆሪያው ሥር ምን ይሠራ ነበር?»

ውሃው ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ይበቃዋል ስትል ኖርክ» አለችው። «ይኸው በቃህ።»

ታናሽ ወንድምየው ያበጠ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ እያየ ቆየ። «ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ በመጨረሻ። «ጎንበስ ብሎ ያፏጫል። ‹ወንድም ጋሼ› አልኩት። ዞር ሳይል ‹ድንጋይ ቆጥረህ ጨረስክ?› አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ የእኔን ጀርባ ሲያይ ኖረ። ዛሬ እኔ የሱን አየሁት።»

«የፊቱስ ነገር?» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ተሰንጥቋል። «ከሞተ በኋላ ፊቱ ምን አድርጎህ ነው?»

«ሳፈስበት» አለ አጎቷ፣ ቀስ ብሎ፣ «ያን ጊዜም ይስቅብኝ ነበር።»

የስድስት ሰዓቱ መኪና ሞልቶ ሄደ፤ የጫነው ግን ሌላ ሰው ነው።

ባለ ዘጠኙ ካቴናው ሲፈታለት አንጓውን እያሸ ኢንስፔክተሯን እስከ በሩ ተከተላት። «በውነት እሳቸው ናቸው ያፈሰሱት? እንዳልኳቸው አድርገው?»

«እንዳልካቸው አድርገው። ንጹሕ አድርገው።»

«አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ እኔ ራሴ ጎሕ ሳይቀድ እመጣ ነበር። ብቻቸውን አይሆኑም ነበር።»

«ልክ ነህ» አለችው። «ብቻቸውን ባይሆኑ ደግሞ አይሞቱም ነበር። ምስጋና ከበደቻቸውና ሞት ቀለላቸው።» ልታጽናናው አልሞከረችም። ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ባለ ዘጠኙ በግቢው በር ሲያልፍ ሁለት አዳዲስ የቢጫ ኩላንት ጀሪካኖች አየ። ልጅቱ መሪውን ለመያዝ የአባቷን ጃኬት ለብሳለች። አየችው።

«ግባ» አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

«ጮክ ብለሽ በዪኝ።»

«ምን?»

«ነፍሰ ገዳይ ስትዪኝ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አሁንም ይስማ።»

መንገዱ ላይ ሰዎች ይተላለፋሉ። ባለ ሱቁ በሩን ከፍቶ ያያል። ልጅቱ አፏን ከፈተች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የቆመበት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ አፏን መልሳ ዘጋች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው አንዱን ጀሪካን ራሷ አነሣች፤ የመኪናው የፊት መከላከያ ብረት ላይ ወጥታ ራዲያተሩ ውስጥ ትገለብጠው ጀመር።

ባለ ዘጠኙ መንገዱን ቀጠለ። እጁን ኪሱ ሲከት ጣቶቹ መፍቻውን ነኩ። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት የከፈታትን የማፍሰሻ ቡሎን ማን እንደዘጋት አሰበ። ማንም አልዘጋትም።

አሥር እርምጃ ሳይሄድ ቢጫው ሲሚንቶ ላይ ሲንዠቀዠቅ ሰማ።

«ባለ ዘጠኝ!» የልጅቱ ድምፅ ከአጥሩ አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሰፈሩን ሞላው። «ባለ ዘጠኝ! ና እንጂ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ጮክ ብላ ነበር፤ ይቅርታም ምስጋናም ግን አልነበረም። ባለ ዘጠኙ መፍቻውን በኪሱ ውስጥ ጨብጦ፣ ስንት ሊትር እንደፈሰሰ በጆሮው እየቆጠረ፣ ሳይዞር ሄደ።